የዘነቡ ፈቃድ

በክፍሉ ውስጥ ሕመምተኛውን ሳይጨምር ስድስት ሰዎች ነበርን። ሐኪሙ ከመተንፈሻ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። የሕመምተኛው ልጅ ሞላ ከግርጌ በኩል የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጧል። እህቱ ብዙአየሁ ከራስጌ ሆና የአባቷን ቀኝ እጅ ይዛለች። የንስሐ አባታቸው ቄስ ደሳለኝ በሩ ሥር ናቸው፤ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። እኔ ሾርባ የያዘ ፔርሙዝ ታቅፌ ግድግዳውን ተጠግቻለሁ። ሾርባውን ማን እንደሚጠጣው አላሰብኩም፤ ሰው ሐኪም ቤት ባዶ እጁን አይሄድም ብዬ ነው ያመጣሁት። የሕመምተኛው ባለቤት ዘነቡ መስኮቱ ዘንድ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታናለች።

እያንዳንዱ ሰው የት እንደቆመ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። በዚያ ክፍል የሰማሁትን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ከኮን የመጣች አንዲት ሴት «ያቺ ጧፍ ሠሪዋ ጎረቤትሽ አረፈች እኮ፤ ቀበርናት» አለችኝ። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። መርጬ ጨረስኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዘነቡ ጋር ላሊበላ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የድንጋይ ካብ ተዋስነን ኖረናል። እኔ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሷ ጧፍ ትሠራ ነበር። ክሩን ፈትላ፣ አክርራ፣ በቀለጠ ሰም ውስጥ እያሳለፈች በጣቶቿ ትስበዋለች። የጣቶቿ ጫፍ ከትኩሳቱ ብዛት ደንዝዞ፣ የፈላ ሻይ ብርጭቆውን አንቃ ስትይዝ አያቃጥላትም። «አንቺ እሳት አይነካሽም እንዴ?» ስላት፣ «እሱስ ይነካኛል፤ እኔ ነኝ የማልነግረው» ትለኝ ነበር። ቁመቷ አጭር ነው። ስትራመድ ትፈጥናለች። የወሬ ጊዜ የላትም፤ ቀልድ ግን ታውቃለች፣ እሱንም ሳትስቅ ነው የምትቀልደው።

አንድ ጊዜ ሰም የሸጠላት ነጋዴ ሞራ ቀላቅሎባት ኖሯል። ያወቀችው ጧፉን ሠርታ ለሁለት አብያተ ክርስቲያናት ካስረከበች በኋላ ነው። በማግስቱ አገልግል ይዛ ስትወጣ አየኋትና ተከተልኳት። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ድረስ ሄዳ «ጧፌን መልሱልኝ» አለች። ዕቃ ቤት ጠባቂው ተገርመው፣ «ምን ቸገረሽ እሜቴ? ይነዳል አይደል?» አሏት።

«ይነዳል።»

«ታዲያ?»

«ሰም ነው ብዬ ነው የሰጠኋችሁ።»

አንድም ሳይቀር ለቅማ ወሰደችው፤ በጎደለው ፈንታ አዲስ ሠርታ እስክታስረክብ ሦስት ሳምንት ከቤቷ አልወጣችም። ዘነቡ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። አፏ የተናገረው ነገር እንደተናገረችው ሆኖ ካልተገኘ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ባለቤቷ መሪጌታ ካሳ የዜማ መምህር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ድምፃቸውን የምንሰማው ሲያስተምሩ ብቻ ነው። ተማሪው ሲሳሳት አይቆጡም፤ ራሳቸው ከመጀመሪያው ይደግሙታል። በካቡ ላይ ያን ድምፅ እየሰማሁ ልብሴን ሳጠብ፣ ሳላውቀው ሁለት ሦስት ዜማ ይዤ ቀርቻለሁ።

መሪጌታ ከመታመማቸው አራት ዓመት በፊት ግን በዚያ ቤት አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። መሪጌታ ከትልቁ ቤት ወጥተው በግቢው በር አጠገብ ባለችው ትንሽ ጎጆ ይኖሩ ጀመር። ዘነቡ ምግባቸውን በሌማት አድርጋ ደጃፉ ላይ ታስቀምጥና መዝጊያውን መታ መታ አድርጋ ትመለሳለች። አብረው አይቆርሱም። በበዓል ቀን እንኳ ልጆቻቸው ከትልቁ ማዕድ ሲቀርቡ እሳቸው «ሆዴን አሞኛል» ብለው ጎጇቸው ውስጥ ይቀራሉ። እኔ ተጣልተው ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ ዕድሜ! አንድ ወር ታገሥኩ፣ ሁለት ወር ታገሥኩ። በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ።

ዘነቡ አነጠፈችልን። ጠላ ቀዳችልን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ሰይጣን፣ የባልና ሚስት ነገር እንደ ሸማ ተጠቅልሎ መኖር እንዳለበት ብዙ ተናገሩ። እሷ እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጨረሱ አባቴ?»

«ጨርሻለሁ ልጄ።»

«እኛ አልተጣላንም። እኔ ስጣላ እኮ ኩልመስክ ድረስ ነው የሚሰማው። እታለም ትመስክር።»

እታለም የምትለው እኔን ነው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔ አፈርኩ። መሪጌታም ከጎጇቸው ወጥተው «ተጣልተን አናውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው እጅ ነሱን። ከመካከላችን ለምን ለየብቻ ትበላላችሁ ብሎ የጠየቀ የለም። አስታርቀን የመጣን መስሎን ነበር የወጣነው።

መሪጌታ የወደቁት በተማሪዎቻቸው ተከበው ተቀምጠው ሲያስተምሩ ነው። አንዱን ቃል ጀምረው ሳይጨርሱት ወደ ጎን ተጋደሙ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሷል ተባለ። በጉሮሯቸው ቱቦ ገባ፤ ማሽኑም ይተነፍስላቸው ጀመር። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ ልጆቹን ጠርቶ፣ አንጎላቸው አይመለስም፣ ማሽኑ ሲነሳ የራሳቸው ትንፋሽ የላቸውም፣ በማሽኑ ግን የተወሰነ ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ ብሎ በግልጽ ነገራቸው። እዚያ ሐኪም ቤት ማሽኑን ዝም ብሎ የሚነቅል የለም። ቤተሰቡ «በራሳችን ፈቃድ ወደ ቤት እንወስዳለን» ብሎ ከፈረመ ግን በሽተኛው ይወጣል። ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ሞላ ይፈረም አለ። ብዙአየሁ አይፈረምም አለች። ሞላ ኩልመስክ አካባቢ የሚያርስ፣ በየሳምንቱ ለአባቱ ማርና ቅቤ የሚያመጣ ልጅ ነው። ብዙአየሁ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ በየገናው ትመጣለች። አምስት ቀን ሙሉ በኮሪደሩ ተጨቃጨቁ። ዘመድ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ነፍስ ማስጨነቅ ነው» ይላል፤ ሌላው «ነፍስ ማጥፋት ነው» ይላል። ዘነቡን በየተራ እየሳቡ «እማዬ ፈርሚ»፣ «እማዬ እንዳትፈርሚ» ይሏታል። እሷ ቃል አልተነፈሰችም። ሰው ሐዘኑ ከብዷት ነው አለ። እኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

በዘጠነኛው ቀን ነው እንግዲህ ሐኪሙ ሁላችንንም ክፍሉ ውስጥ የሰበሰበን። እኔን ያስገባችኝ ዘነቡ ናት፤ «እሷም ትግባ» አለች።

«ቤታቸው እንውሰዳቸው» አለ ሞላ። «የሚተነፍሰው ማሽኑ ነው፣ አባባ አይደሉም። የደብሩን ደወል እየሰሙ ይረፉ።»

«የቱን ደወል ነው የሚሰሙት? መኪናው ከግቢ ሳይወጣ እንደሚያርፉ ሐኪሙ ነግሮሃል!» አለች ብዙአየሁ።

«አንቺ በዓመት አንዴ ፎቶ ልትነሺ የምትመጪ ሰው…»

«አዎ፣ አንተ ደግሞ እርሻው እንዳያልፍብህ ቸኩለሃል። ዝናቡ ደርሷል አይደል?»

«ብዙአየሁ! አፍሽን ያዢ!»

ቄሱ «ተው፣ ተው ልጆቼ፤ ይሰማሉ» አሉ። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እማማ፣ ልጆችዎ አልተስማሙም። እኔ የማስቀድመው የባለቤትን ቃል ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ዘነቡ ፊቷን መለሰች።

«ባለቤታቸው አይደለሁም።»

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። «ወይዘሮ ዘነቡ አይደሉም እንዴ?»

«ዘነቡስ ነኝ። ሚስታቸው አይደለሁም። አራት ዓመት አለፈኝ።»

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለ ሞላ። «እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ተቀመጪ።»

«ተፋትታችኋል ማለት ነው?» አለ ሐኪሙ።

«አልተፋታንም። ሞተዋል።»

«በስመ አብ!» አለች ብዙአየሁ። «እጃቸው እኮ ሙቅ ነው!»

«መንኩሰዋል» አለች ዘነቡ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ገዳም ሄደው ቆብ ተቀብለዋል። እንደ ሬሳ ተገንዘው፣ መጽሐፈ ግንዘቱ ተነቦላቸው፣ ፍትሐቱ ሲደገም ከደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ። እርሜን አውጥቼ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። ሚስት የላቸውም። እናንተም አባት የላችሁም። የያዝኳቸውን ተማሪዎች ሳላስመርቅ አልወጣም ብለው ለምነው፣ አበምኔቱ ፈቀዱላቸው። ከዚያ መንገዱ በጦርነት ተዘጋ። ከዚያ ሌላ ተማሪ መጣ። ለማንም አትንገሪ አሉኝ፤ አልነገርኩም።»

ሞላ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«አባ፣ እውነት ነው?»

ቄስ ደሳለኝ ወለሉን አዩ። «እውነት ነው። አብሬ ነበርኩ።»

ሞላ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ታዲያ ተዝካራቸውን ማን በላው? ለእኛ አልደረሰንም እኮ!»

ብዙአየሁ የአባቷን እጅ አልለቀቀችም። «በየገናው ጉልበታቸውን ስስም ማንን ነበር የምስመው? ያን ሁሉ ካፖርት፣ ያን ሁሉ መድኃኒት ተሸክሜ የመጣሁት ለማን ነው?»

«ለአንድ መነኩሴ» አለች ዘነቡ። «ጽድቅ ነው፤ አይጠፋብሽም።»

«አትቀልጂብኝ!»

«አልቀለድኩም ልጄ።»

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «እማማ፣ እኔ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ልዳኝ አልችልም። በካርዱም በመታወቂያውም ሚስታቸው እርስዎ ነዎት። ሕጉ የሚያውቀው እርስዎን ነው። ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም?»

«ፈቃዴን አንዴ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ የምሰጠው የለኝም።»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

«አባታቸውን። አበምኔቱን ጠይቅ።»

የፔርሙዙ ክዳን ላልቶ ሾርባው ጫማዬ ላይ ሲፈስ እንደነበር ያወቅሁት ኮሪደር ከወጣሁ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሐኪም ቤቱ ግቢ፣ የጽድ ዛፍ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አብረን ተቀመጥን። ለምን ለእኔ እንኳ አልነገርሽኝም አላልኳትም። ሽማግሌ ይዤ የሄድኩበት ቀን ትዝ ብሎኝ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«የእነዚያን ሽማግሌዎች ምርቃት አልረሳውም» አለች። «በአንድ አልጋ ያስረጃችሁ አሉን እኮ። መሪጌታ የዚያን ዕለት ማታ ሰባ ስግደት ጨመሩ።»

ሳቅሁ፤ ያን ቀን መሳቅ አይገባኝም ነበር። ቆይቼ «ወደሽ ነው ወይ የፈቀድሽው?» አልኳት።

«ሚስት ያለው ሰው ሚስቱ ካልፈቀደች ቆብ አይጫንለትም። አበምኔቱ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ፈቅደሻል? ፈቅጃለሁ። በግድ ነው በውድ? በውድ ነው። ነገ ብትጸጸቺ አይመለስም። አውቃለሁ አልኩ።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ወደሽ ነው ወይ ነው።»

«ማን ይወዳል፣ እታለም?» አለች። «ሠላሳ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ በስተርጅና በር እያንኳኳሁ እንጀራ ደጅ ላስቀምጥ ማን ይወዳል? እሱ ግን ወጣት ሆኖም ይፈልገው ነበር። በእኔ ምክንያት ነው የቀረው። እንዳየሁት አውቄው ነበር። መልሱን ስሰጥ ፊቱን አየሁ። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ያን ፊት አይቼ አላውቅም።»

«እሱ» ያለችው በዚያች ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ልጆቿ ገባች።

ለልጆቿ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ሞላ ግቢው ጥግ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ሲያየኝ «እትዬ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ይፈረም ስል ሰነበትኩ እኮ» አለኝ፤ «ለሰው አባት።»

በማግስቱ ጠዋት አበምኔቱ ከሁለት መነኮሳት ጋር መጡ። ያረጁ፣ አጭር፣ ዓይናቸው በደንብ የማያይ ሰው ናቸው። ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ይኸ ነገር ቢነሣ፣ እሳቸው ይተነፍሳሉ?» አይተነፍሱም አላቸው። «እግዚአብሔር ቢፈቅድስ?» አሉ። ሐኪሙ «እሱን እኔ አላውቅም አባቴ» አለ። «እኔም አላውቅም። እንግዲያው ወደ በዓታቸው እንውሰዳቸው» አሉና ጣታቸውን ለቀለም ዘረጉ። ወረቀቱ ላይ ቤተሰብ የሚል ቦታ ነበረ፤ እዚያ ነው ያሳረፉት።

መሪጌታ የወጡት በዚያ ቀን ነው። አንዲት ነርስ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ እየጨመቀችላቸው እስከ ገዳሙ ደጅ ደረሱ፤ እዚያ አረፉ። ሞላ ቀብሩ ላይ ነበር። ዘነቡ አልሄደችም። ከወር በኋላ የሰም ድስቷን ለደብሩ ሰጥታ፣ ወንድሟ ዘንድ ኮን ገባች። ብዙአየሁ እናቷን ሳታናግራት ኖረች። ለቀብሯ መጥታ እንደሆነ ያቺን የኮን ሴት አልጠየቅኋትም።

ከመውጣታቸው በፊት የሆነውን ግን ያየነው ጥቂቶች ነን።

ቃሬዛው ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ሁሉንም አስቁሞ፣ «አንድ ነገር ላስታውስ» አለ። «የአባታችንን ጣት ተቀብያለሁ። ነገር ግን በወረቀት ሚስት የሆኑት እማማ አይሆንም ካሉ አላወጣም። መብታቸው ነው።»

ይኼኔ ብዙአየሁ የአባቷን እጅ ለቃ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨመደደች።

«እማዬ፣ አይሆንም በይ። ሌላ አትናገሪ። ሚስቱ ነኝ፣ አይሆንም፣ በቃ። አሁን ለሰው ሁሉ ታውቋል፤ የምትደብቂው የለም። ሐኪሙ መብትሽ ነው ብሏል እኮ። ከአንቺ ሌላ የለኝም። እማዬ! የአንቺ እኮ ናቸው!»

ሞላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁላችንም የዘነቡን አፍ ነበር የምናየው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ትላለች ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ። እንድትልም ፈለግሁ፤ አሁንም አልክደውም።

የመሪጌታ ግራ እግር ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ነበር። ዘነቡ አየችው። እጇ ተዘረጋ። ሊነካው አንድ ጋት ሲቀረው ቆመ፤ ጥቂት ቆየና ተመለሰ።

«እታለም» አለችኝ፣ «እግራቸው በረዳቸው።»

ሄጄ ሸፈንኩት።

እሷ ጎንበስ ብላ የልጇን ጣቶች ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች። ራሷን ሳመቻት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። በቄሱና በበሩ መቃን መካከል አልፋ ወጣች።